የሙሄ ሞተር

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ ዛሬ አይመጣም፤ አትጠብቁት። በሩን ግን ዝጉት። ተዘጋ? እንግዲያው ጆሮ ስጡኝ።

ነገሩ የሆነው ፀሐይ ጠልቃ፣ ጨለማው ገና ሳይጠና ነው። ሰውና ቁጥቋጦ በማይለዩበት ሰዓት። ያን ሰዓት ታውቁታላችሁ? ከሩቅ የቆመ ነገር ታያላችሁ። «ሰው ነው» ትላላችሁ፤ ስትቀርቡ ጉቶ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ «ጉቶ ነው» ትላላችሁ፤ ስትቀርቡት ዞር ብሎ ያያችኋል።

መንገዱ ከደጋው ገበያ ወደ ቆላ የሚወርድ ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል። ቤት የለም፣ አጥር የለም፣ የውሻ ጩኸት እንኳ የለም። መኻሉ ላይ አንድ ኩርባ አለ። መኪና እዚያ ሲደርስ አፍንጫው ገደሉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚዞረው። ከኩርባው በታች ያለውን መንደር ስሙን አልነግራችሁም። ከመካከላችሁ እዚያ ዘመድ ያለው አይጠፋም፤ ነገ መንገድ ይፈራል።

በዚያ መንደር፣ ዱሮ ነው፣ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ጓንጉል ምን ነበረው? ጂፕ ነበረው። ገበያተኛ የሚጭንባት አሮጌ ጂፕ። ድንጋይ አትፈራም፣ ጭቃ አትፈራም፣ ወንዝ አትፈራም። አንድ ነገር ግን ትፈራለች። ምን? ዳገት። ሞተሯ አርጅቷል። ዳገት ስታይ ትስላለች። ኽ... ኽ... ኽ... ትልና ትቆማለች። ያን ጊዜ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ሽማግሌው ይገፋል፤ ነፍሰ ጡሯ ሳትቀር ወርዳ በእግሯ ትወጣለች። ሰውም ይስቃል። «ጓንጉል፣ እኛ ነን እሷን የተሳፈርናት ወይስ እሷ ናት እኛን የተሳፈረችን?» ይሉታል። ጓንጉል አብሮ ይስቃል። ሆዱ ግን አይስቅም።

በዚያው መንደር ሙሄ የሚባል ሌላ ሹፌር ነበር። ሙሄ ፒክአፕ አለው። የፒክአፑ ሞተር የናፍጣ ነው፤ ወፍራም፣ ጉሮሮው የሰፋ። ዳገት ሲወጣ አይጮህም፤ ያንጎራጉራል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ድምፁን ይሰማና «ሙሄ መጣ» ይላል። ሚስቱ ዘሐራማ ገና ኩርባው ላይ ሳለ ትሰማዋለች። ሰምታ ውሃ ትጥዳለች። ሙሄ ደጁ ሲደርስ የሚታጠብበት ውሃ ሞቆ ይጠብቀዋል።

ሙሄ ደግ ሰው ነው። ጓንጉል መንገድ ላይ ሲቆም ስንቴ ጎትቶ አውጥቶታል! «ጓንጉል ወንድሜ፣ አይዞህ» ይለዋል። ታዲያ ይህ «አይዞህ» ጓንጉልን እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ሙሄ ግን አይሰድብም።

አንድ ቀን፣ ክረምት ነው፣ ዝናብ ሲጥል ዋለ። ሙሄ ተሳፋሪዎቹን ላይኛው መንደር አውርዶ፣ ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ኩርባው ላይ ሲደርስ የመንገዱ ጠርዝ ከሥሩ ተናደ። ፒክአፑ ተገልብጦ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጋር ተላትሞ ቆመ። ሙሄ ሞተ? አልሞተም። እግሩ ተይዟል እንጂ በሕይወት አለ። ሞተሩም አልጠፋም። ገደል ውስጥ ሆኖ ያንጎራጉራል።

ከኋላ ማን መጣ? ጓንጉል መጣ። ብቻውን ነው። የተናደውን ጠርዝ አየ። ጂፗን አቆመ፤ ሞተሯ ስሎ ጠፋ። ወርዶ ቁልቁል ተመለከተ።

ከታች ድምፅ መጣ። «ጓንጉል! አንተ ነህ፤ የመኪናህን ሳል አውቀዋለሁ። አልሐምዱሊላህ! ገመድህን ጣልልኝ!»

ጓንጉል ገመድ ነበረው? ነበረው። ዕቃ የሚያስርበት ረጅም ገመድ። ከወንበሩ ሥር አወጣው። ልብ በሉ፤ በእጁ ይዞታል። ጫፉንም ፈቶታል። ያን ጊዜ ነው ሞተሩን የሰማው። ከዚያ ሁሉ መገልበጥ በኋላ ሳይስል፣ ሳይደናቀፍ የሚያንጎራጉረውን ሞተር። ጓንጉል ቆሞ አዳመጠው።

«ጓንጉል፣ ቶሎ በል! ደሜ እየፈሰሰ ነው!»

ጓንጉል ገመዱን መልሶ ጠቀለለው።

«ጓንጉል?»

ጂፗ ውስጥ ገባ። ሞተሯን አላስነሣም። ሳሏ እንዳይሰማ ፍሬኑን ለቀቀና በተራራው ጥግ ቁልቁል ተንሸራቶ ወረደ። ከኋላው ስሙ ይጠራል። «ጓንጉል! ጓንጉል! ጓንጉል!» ቤቱ ገባ። እራቱን በላ። ተኛ። እንቅልፍ ወሰደው ወይ? ወሰደው! ይሄ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። እንቅልፍ ወሰደው።

ፍለጋ የወጡት ሰዎች ሙሄን ሞቶ አገኙት። መስታወቱን ከውስጥ ሲያንኳኳ ኖሮ የጣቶቹ ቆዳ ተልጧል። ሬሳውን ከገደሉ ለማውጣት ገመድ አስፈለገ። ገመዱን ማን ያመጣ ይመስላችኋል? አዎ። ጓንጉል። በቀብሩም ላይ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ጓንጉል ነው።

የፒክአፑ ገላ ተጨማዶ ነበር። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም። መንደርተኛው ተረዳድቶ አወጣውና ዘሐራ ግቢ ውስጥ በሸራ ሸፍኖ አስቀመጠው። ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ጓንጉል ወደ ዘሐራ መጣ።

«ዘሐራ፣ እንዴት ሰነበትሽ?»

«አለሁ ጓንጉል። ምን እሆናለሁ?»

«ይህ ሞተር እንዲሁ ዝጎ ከሚቀር ለእኔ ብትሰጪኝ ምን ይመስልሻል? የእኔዋ ላይ ልግጠመው። የሙሄ ማስታወሻ ይሆነኛል።»

ዘሐራ ሸራውን አየች፤ እሱን አየች። «ውሰደው» አለች። «አንተ እንደ ወንድሙ ነህ። ምንም አልፈልግም። በደጄ ስታልፍ ብቻ አትፍጠን። ድምፁን ልስማው።»

ጓንጉል ጂፗንም ሞተሩንም በጭነት መኪና አስጭኖ ከተማ ወጣ። እዚያ ጋሽ አርጋው የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። ጋሽ አርጋው ኮፈኑን ከፍተው አዩ፤ ሞተሩን ዞረው አዩ።

«ጓንጉል፣ ይሄ ለዚህች ጂፕ ይከብዳታል። የሷ የቤንዚን ነው፣ ይሄ የናፍጣ። አፍንጫዋን ይደፋዋል። ፍሬኗም አይችለው።»

«ግጠሙልኝ ብቻ ጋሽ አርጋው።»

«መቀመጫው አይገጥምም፤ ብረቱ መቆረጥ አለበት።»

«ይቆረጥ!»

ተቆረጠ። አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተነሥቶ ወጣ። አዲስ መቀመጫ ተበየደ። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አልገናኝ አለ፤ መኻሉ ላይ ወፍራም ብረት ተቀርጾ ገባ። ራዲያተሩ ወደ ፊት ተገፋ። ኮፈኑ አልዘጋ ቢል ተበስቶ ጉብታ ተሠራለት። ከዚያ የሙሄ ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወደ ቦታው መጣ። ጋሽ አርጋው ሊያስተካክሉት እጃቸውን ጣል አደረጉበት። ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄን ሞተር ዛሬ አስነሥታችሁታል?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ወራት ሜዳ ላይ ተኝቷል።»

«ታዲያ ለምን ይሞቃል?»

ጓንጉል ነካው። ይሞቃል። እንደ ሰው ግንባር ይሞቃል። «ፀሐይ ነው» አለ ጓንጉል። ጋሽ አርጋው ጣሪያውን አዩ። ጋራዡ ጣሪያ አለው። ሥራቸውን ቀጠሉ። ገጥመው ሲጨርሱ ግን «አንተው አስነሣው» ብለው ቁልፉን ሰጡት።

አስነሣው። በአንድ ጊዜ ተነሣ። አንጎራጎረ።

ጓንጉል እንዲያ ያለ ደስታ አይቶ አያውቅም። ዳገቱን በረረበት! ማንም አልወረደም፣ ማንም አልገፋም። ተሳፋሪው አጨበጨበለት። ቁልቁል ወደ መንደሩ ሲወርድ ደግሞ ድምፁ ቀድሞት ገባ። ዘሐራ ቤት ውስጥ ሆና ሰማችው። ሰማችና ምን አደረገች? ውሃ ጣደች። ጥዳ፣ እሳቱን አቀጣጥላ፣ ያኔ ትዝ አላት። ደጅ ወጥታ ቆመች። ጓንጉል በፊቷ አለፈ። ፈጠነ እንዳይባል ቀስ አለ። ፊቷን ግን አላየም።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ከዚያ ነገሩ ጀመረ።

መጀመሪያ ኩርባው ላይ ነው። ያ ሰዓት ሲደርስ፣ ያ ሰውና ቁጥቋጦ የማይለዩበት ሰዓት፣ ጂፗ ኩርባው ላይ ቀጥ ትላለች። ሞተሩ ይጠፋል። ዝም። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ይንኳኳል። ቋ። ቋ። ቋ።

«ጓንጉል፣ ሞተርህ ያንኳኳል» ይላሉ ተሳፋሪዎቹ።

ወርዶ ይከፍተዋል። ምንም የለም። ይዘጋዋል። ቋ። ቋ። ቋ። ደግሞ በራሱ ጊዜ ይነሣል።

ቀጥሎ ጋቢናው ነው። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር። ማንም እዚያ መቀመጥ አልፈልግም አለ። ለምን? አንዱ «እርጥብ ነው» ይላል። አንዱ «ተይዟል» ይላል። «በማን ተያዘ?» ሲለው ዓይኑን ያሻል፤ «አይ፣ ሰው ያለ መስሎኝ ነው» ይላል። አንዲት ባልቴት ግን ከኋላ ተቀምጣ ስትሄድ ዋለችና ስትወርድ፣ «ልጄ ጓንጉል፣ ያ ጎንህ ያለው ሰውዬ ምነው መንገዱን ትቶ አንተን ብቻ ያያል?» አለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ተሳፋሪ ቀረ። ጓንጉል ባዶውን ይወጣል፣ ባዶውን ይወርዳል።

አንድ ማለዳ ደግሞ ግቢው ውስጥ ሞተሩ በራሱ ተነሣ። ጓንጉል ቁልፉን አየ፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ሮጦ ባትሪውን ነቀለ። ሞተሩ ያንጎራጉራል። የናፍጣውን ቱቦ ነቀለ፤ ናፍጣው መሬት ላይ ፈሰሰ። ሞተሩ ያንጎራጉራል። ያለ ናፍጣ የሚሠራ ሞተር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጓንጉል መዶሻ አነሣ። አንሥቶ ሊመታው ሲል ሞተሩ ጠፋ። ጠፋና ከውስጡ ቀስ ያለ ድምፅ «ጓንጉል?» አለው። ልክ እንደዚያን ቀን። እንደ ጥያቄ።

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ዞር ሲል ዘሐራ የግቢው በር ላይ ቆማለች።

የሰማችው «ጓንጉል» የሚለውን አይደለም፤ እሱን አልሰማችም። የሞተሩን ድምፅ ተከትላ ነው የመጣችው። «ጓንጉል» አለችው፣ «እስከ ኩርባው አድርሰኝ። ሙሄ የሞተበት ቦታ ቆሜ ዱዓ ላድርግለት። በእግሬ ብቻዬን ፈራሁ።»

ምን ብሎ እምቢ ይበል? ሞተሩን በነፃ የሰጠችው ሴት! ጎረቤቱ እያየ! «አሁኑኑ እንሂድ» አለ። በቀን ወስዶ በቀን ሊመልሳት ነው። ቱቦውን መልሶ ገጠመ፤ ባትሪውን አሰረ። ቁልፉን አዞረ። አልነሣም አለ። ጎረቤቶች ጂፗን ገፏት፤ አልነሣም አለ። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትሩ አለፈ፣ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ጓንጉል «በይ ነገ ይሻላል» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ፀሐይዋም ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ ሞተሩ በራሱ ተነሣ።

ዘሐራ ገብታ ጋቢና ተቀመጠች።

ኩርባው ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ጠልቃለች። ጂፗ አፍንጫዋን ገደሉ ላይ ሰቅላ ቀጥ አለች። ሞተሩ ጠፋ። ነፋስ የለም። ምንም የለም።

ቋ። ቋ። ቋ።

«ምንድን ነው?» አለች ዘሐራ።

«ብሎን ላልቶ ነው።»

ከኮፈኑ ሥር ድምፅ መጣ። «ዘሐራ።»

እናንተ የባላችሁን፣ የሚስታችሁን ድምፅ ትስታላችሁ? እሷም አልሳተችም። «ወይ ሙሄ!» አለች።

«ዘሐራ፣ ያን ቀን ብቻዬን አልነበርኩም።»

ጓንጉል ጮኸ። «አትስሚው! ሞተር ነው! ንፋስ ገብቶበት ነው!»

«ከላይ የቆመ ሰው ነበር» አለ ድምፁ። «ገመድ ይዞ ነበር። ስሙን ስጠራው አመሸሁ።»

ዘሐራ ቀስ ብላ ወደ ጓንጉል ዞረች። «ገመድ ነበረህ?»

«ጨልሞ ነበር እኮ ዘሐራ፣ እኔ ምን...»

«ገመድ ነበረህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ነበረኝ።»

«ሲጠራህ ሰምተኸዋል?»

ጓንጉል መሪውን ጨብጦ ያለቅሳል። «ሰምቼዋለሁ» አለ።

ዘሐራ አልጮኸችም። በሩን ከፍታ ወረደች። ስትወርድ በሩ ከኋላዋ ራሱ ተዘጋ። እሷ በተነሣችበት ወንበር ላይ አንድ ነገር ነበር። መጀመሪያ ጥላ መሰላት። ከዚያ ትከሻ ሆነ። ከዚያ ራሷ የሰፋችለትን ነጭ ቆብ አየች። ከዚያ ፊቱን። ሙሄ ነው። ወደ እሷ ግን አላየም። ወደ ጓንጉል ነው የሚያየው። ዓይኑን ሳይነቅል፣ ሳያርገበግብ፣ ወደ ጓንጉል።

ሞተሩ ተነሣ። አሁን ግን አላንጎራጎረም፤ አገሳ። ጂፗ እንደ ሰው ስትንጠራራ ዘሐራ አየች። ጓንጉል በሩን ገፋ፤ አልከፈት አለው። በጉልበቱ ገፋ፤ አልከፈት አለው። መስታወቱን በጡጫው መታ። ቋ! ቋ! ቋ!

«ዘሐራ! ክፈቺልኝ! ከውጭ ይከፈታል! በአላህ ይዤሻለሁ፣ በእናትሽ፣ ክፈቺልኝ!»

ዘሐራ በሱ በኩል ዞራ ሮጠች። እጇን የበሩ እጀታ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ሌላ እጅ እጇ ላይ አረፈ። ትልቅ እጅ፣ ሞቃት፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት። የምታውቀው እጅ። አልጨመቃትም። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ በቀስታ፣ ከእጀታው አላቀቃቸው።

ጂፗ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰች። ፍሬኑ እስከ ወለሉ ተረግጧል፤ ጎማዎቹ ተይዘው አፈሩን እያረሱት ይሄዳሉ። የጓንጉል ፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። የጂፗ አፍንጫ ገደሉ ውስጥ ገባ። ከዚያ ኋላዋም ገባ።

ዘሐራ ጆሮዋን አቁማ የመውደቁን ድምፅ ጠበቀች። የብረቱን፣ የድንጋዩን። መጣ? አልመጣም። ሞተሩ ብቻ ነው የተሰማት። ቁልቁል እየራቀ፣ እየራቀ፣ እየራቀ፣ እንደገና እያንጎራጎረ ሄደ።

በነጋታው መንደሩ ወጣ። የጎማው ፈለግ እስከ ጠርዙ ድረስ አለ። ከጠርዙ በታች ግን ቋጥኙ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ጂፕ የለም። ጓንጉል የለም። ዘሐራ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ እንደነገርኳችሁ አድርጋ። ጋሽ አርጋው ወሬውን ሰምተው ከከተማ ድረስ ወርደው ጠየቋት። «ልጄ፣ በሩን መክፈት አቅቶሽ ነው ወይስ...» አሏት።

ዘሐራ ዓይናቸውን እያየች መለሰች። «እጁ እጄን አነሣው፣ ጋሽ አርጋው። እኔም አልታገልኩትም።»

እሷም ቤቷ ገባች። ሙሄ በቀሉን ወሰደ፣ ነገሩ አለቀ ያላችሁ አላችሁ? እኔም አለቀ ባልኩ ነበር። አላለቀም። ሙሄ ጓንጉልን አልገደለውማ! ይዞት ነው የሚዞረው።

ያ መንገድ ዛሬም አለ። ብቻውን የሚሄድ ሰው፣ በዚያ ሰዓት፣ ከኋላው የናፍጣ ሞተር ሲያንጎራጉር ይሰማል። ጂፕ መጥታ ጎኑ ትቆማለች። መብራት የላትም። ከውስጥ መስታወቱ ይንኳኳል፤ «ወንድሜ፣ እባክህ ክፈትልኝ፣ ከውጭ ይከፈታል» የሚል ድምፅ ይለምናል። እንዲያ የሚለምን ድምፅ ሰምተን አናውቅም ይላሉ የሰሙት። አንጀት ይበላል። ሁለት ሆነው የሚሄዱ ይያያዛሉ፣ አንዱ አንዱን ይጎትታል፣ ያልፋሉ። ብቻውን የሚሄድ ግን ማን ይጎትተዋል? አንድ የማር ነጋዴ ብቻውን ሲሄድ አንጀቱ አልችል አለና እጀታውን ያዘ። በማግስቱ አህያው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች፤ ማሩም እንዳለ ነው። አሁን መስታወቱን የሚያንኳኩት ሁለት ሆነዋል።

እና ስትሄዱ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ። የሚለምናችሁ ድምፅ ዘመዳችሁን ቢመስል፣ እናታችሁን ቢመስል፣ ከውስጥ ሆኖ «ክፈቱልኝ» ካላችሁ...

ቆይ። ዝም በሉ። ውጭ ሞተር ይሰማችኋል?

አንተ! በሩ ጋ የተቀመጥከው! እጅህን ከመዝጊያው ላይ አንሣ!